የወፎቹ ጠባቂ ያላሉት ቃል

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ኦስሎ ከገባሁ በአምስተኛው ዓመት ነው። ደረሰብኝ ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ ማንም ምንም አላደረሰብኝም፤ አድራጊዋ እኔ ነኝ። ያኔ ከነበሩት ሰዎች በቀር ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ስለቀለለኝ ሳይሆን በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ እየተመለሰ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሮመን በሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ብሪን አካባቢ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ፣ እነሱ ሲከየም በሚሉት ቤት፣ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ቋንቋ ይቀናኛል። ኖርስኩን፣ የኖርዌጂያኖቹን ቋንቋ፣ ከሁሉም ቀድሜ ስለያዝኩት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አፍ እኔ ነበርኩ። ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤታቸው፣ ደብዳቤ የደረሰው እኔ ጋ ይመጣል፤ ሐኪም ቤት የሚሄድ እኔን ይዞ ይሄዳል። ኖርዌጂያኖቹም በሄድኩበት ሁሉ «ኖርስክሽ እንዴት ጥሩ ነው!» ይሉኛል። እንዲህ በተባልኩ ቁጥር ቁመቴ አንድ ክንድ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። መመስገን እወድ ነበር፣ አልዋሽም። (ይህችን «አልዋሽም» አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

እኛ ስንጸልይ ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው። መዝሙር ላይ ደግሞ ከበሮና ጭብጨባ አለ፤ መንፈስ የነካው ይዘላል። እሑድ እሑድ የምንሰበሰብበት አዳራሽ ስቶቭነር ሰፈር ካሉት ፎቆች አንዱ ሥር ነበር። የላይኞቹ ጎረቤቶች አንድ ሁለት ጊዜ በር አንኳኩ፣ ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታምራት፣ አውቶቡስ የሚነዱ ዝምተኛ ሰው፣ አዳምጠው ሲጨርሱ «እውነታቸውን ነው። ለጾም ጸሎቱ ሰው የማንረብሽበት ቦታ እንፈልግ» አሉ።

አንዲት እህት ቦታ አገኘች። ከከተማው ወጣ ብሎ ፊዮርድ የሚሉት የባሕር ክንድ ወደ የብስ ገባ ያለበት፣ ውሃው የማይጠልቅ፣ ቤት የሌለበት ዳርቻ ነው። «ብንጮህ የሚሰማን እግዚአብሔር ብቻ ነው» ብላ አሳቀችን። በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተቀጣጠርን።

የዚያን ቀን እማማ ዘነበችን ይዤ የምሄደው እኔ ነበርኩ። እማማ ዘነበች ልጃቸው ያመጣቻቸው ባልቴት ናቸው፤ ከኖርስክ የሚያውቁት «ያ»ን እና «ናይ»ን፣ አዎንና አይደለምን፣ ብቻ ነው። ከሮመን የምድር ባቡሩን እንደያዝን አንድ መጠጥ መጠጥ የሚሸት ጎረምሳ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። የእማማን ነጠላ ከላይ እስከ ታች አየና «ወደ አገራችሁ ሂዱ!» አለን። ባቡሩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጋዜጣው ውስጥ ተደበቀ።

«ምን አለ ልጁ?» አሉኝ እማማ ዘነበች።

«ሰዓት ጠየቀኝ» አልኳቸው።

«ታዲያ ንገሪው እንጂ፣ ምስኪን!» አሉ።

አንጀቴ በገነ። ለመመለስ ቃል ሞልቶኝ ሳለ አንድም ሳልናገር ወረድኩ። ያንን የሰማሁትን ነገር እንደ ትኩስ ድንች አፌ ውስጥ ይዤው ነበር የሄድኩት።

ዳርቻው ስንደርስ ውሃው ሸሽቶ ሜዳ የሚያህል ጭቃና አሸዋ ወጥቷል። ጭቃው ላይ እግራቸውም ምንቃራቸውም የረዘመ ወፎች ሰፍረው፣ ቀና ጎንበስ እያሉ ይለቅማሉ። ብዛታቸው ለጉድ ነው። በዳርቻው በኩል ቀጭን ገመድ ተወጥሯል፤ አጠገቡ ሰሌዳ ቆሟል። «የሚያርፉ ወፎች አሉ፤ ከገመዱ አትለፉ» ይላል።

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሽ ታምራት።

«ወፍ አትንኩ ነው የሚለው። ለአዳኝና ውሻ ለያዘ ሰው ነው» አልኳቸው። እውነትም እንዲያ መስሎኝ ነበር። እኛ ወፍ አንነካም፤ የመጣነው ልንጸልይ ነው። ደግሞ ከገመዱ ማዶ ያለው የአሸዋ ምላስ ከመንገዱም ከሰውም የራቀ ነው፤ እዚያ ብንሆን ማንንም አንረብሽም። እናም ሴቶች ቀሚሳችንን ሰብሰብ፣ ወንዶች ሱሪያቸውን ጠቅለል አድርገን ገመዱን ተሻገርን። ሰው እንዳንረብሽ ብለን የወፎቹ ማዕድ መሐል ገባን።

ጸሎቱ ተጀመረ። ያንን የመሰለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም። ማንም ግድግዳ አይደበድብብን፣ ጣሪያ የለ፣ ጎረቤት የለ። ከበሮው ሲመታ ወፎቹ ብድግ አሉ፤ ዞር ዞር ብለው ራቅ ብለው ዐረፉ። ደግመን ስንዘምር ደግመው ተነሡ።

ያኔ ነው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ የመጡት። ረጅም ናቸው፤ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምተዋል፤ ሦስት እግር ያለው ትልቅ የሩቅ ማያ መነጽር ተሸክመዋል። ስማቸው አርነ እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅኩት። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብለው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። መዝሙሩ እስኪያልቅ አልተናገሩም። ኖርስክ የሚችል እንዳለ ሲጠይቁ ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ።

ከየት እንደመጣን ጠየቁኝ። «ከኢትዮጵያ» ስላቸው ፊታቸው በራ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አሉ። «እነዚህም ከአፍሪካ ነው የመጡት። ማን ያውቃል፣ ከእናንተው ሐይቆች ይሆናል። ረጅም መንገድ በረው ደክመዋል። እዚህ ጥቂት ቀን በልተው ካልወፈሩ ሰሜን ደርሰው ጫጩት አያሳድጉም። በተነሡ ቁጥር ከበሉት ያገኙት ጉልበት ያልቅባቸዋል። ስትዘምሩ ደስ ትላላችሁ፤ ዝም በሉ አልላችሁም። ግን ከገመዱ ውጪ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ጥሩ ሜዳ አለ። ኑ፣ እኔ አሳያችኋለሁ።»

አልገባኝም ነበር ብል ዛሬም ሁለተኛ ውሸት ነው። አንድ ቃል አላመለጠኝም። እኔ ግን የማየው ፈረንጅ ቆሞ ሂዱ ሲለን ነው። ደብዳቤው ትዝ አለኝ፤ የባቡሩ ጎረምሳ ትዝ አለኝ። ሰሌዳውን አቃልዬ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ፤ «እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ» ማለቱም ሞት ሆነብኝ።

«ምን ይላል ሰውዬው?» አሉ ጋሽ ታምራት። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው።

«ወደ አገራችሁ ሂዱና እዚያ ጸልዩ ነው የሚለው» አልኩ።

ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ይቻለኝ ነበር። «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው «ባሕሩ ዳር እንኳ እንተርፍባቸዋለን?» ሲሉ ሰማኋቸው። አንዱ ወጣት ወደ ሰውዬው ሊሄድ ሲል ጋሽ ታምራት ያዙት። «ተው። እንጸልይለት» አሉ።

እናም ሁላችንም እጃችንን ወደ ሰውዬው ዘርግተን፣ ጌታ ልባቸውን እንዲያራራ፣ ጥላቻን ከውስጣቸው እንዲነቅል ጮኸን ጸለይንላቸው። እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። አርነ ግን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። የምንባርካቸው መስሏቸዋል። «አሜን» ስንል እሳቸውም «አሜን» አሉ።

ከዚያ ሰዉ በእልህ ዘመረ። ከበሮው እንደዚያን ቀን ተመትቶ አያውቅም። ወፎቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተው እንደ ተበተነ ጤፍ ሰማዩን ሞሉት፤ ሁለት ሦስቴ ዞሩና ፊዮርዱን አቋርጠው ሄዱ። ጭቃው ባዶውን ቀረ።

አርነ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ነገርሻቸው?» አሉኝ።

«ያ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አንሥተው ሄዱ። እኔም ጀርባቸውን አይቼ ወደ ዘማሪዎቹ ተመለስኩ።

ታሪኩ በዚያ ቢያልቅ ምንኛ ደግ ነበር። «የባሕር ዳሩ ሰውዬ» በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የታወቀ ስም ሆነ። በምስክርነት ሰዓት ይነሣል፤ ከሌላ ከተማ እንግዳ ሲመጣ ይተረካል። እንዴት እንዳባረሩን፣ እኛ ግን እንዴት በፍቅር እንደጸለይንላቸው። ሲተረክ ሁሉም ወደ እኔ ዞር ይላል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። እማማ ዘነበች ደግሞ እሑድ በመጣ ቁጥር «ያንን የባሕር ዳሩን ሰው አስበው» ብለው ሳይጸልዩ ቀርተው አያውቁም። ዓመት ሙሉ!

በዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ የምሠራበት መጦሪያ ቤት የማስታወስ ችሎታቸው የጠፋባቸው አንዲት ሴት ገቡ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ሊጠይቋቸው መጡ። የጎማ ቦት ጫማውን ሳይ ነው ያወቅኳቸው። የያዝኩት የሾርባ ሳህን ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

እሳቸውም አወቁኝ። ግን ፊታቸው ላይ ቂም የሚባል ነገር የለም። «አስተርጓሚዋ!» ብለው እጄን ያዙ። ለባለቤታቸው «ይህች ናት፣ ስለዘማሪዎቹ የነገርኩሽ» አሏቸው። ሴትየዋ ምንም ሳይገባቸው ፈገግ አሉ።

አርነ በየቀኑ ይመጣሉ። ሚስታቸውን ካበሉ በኋላ ያጫውቱኛል። ያንን ዳርቻ ለማስከበር ስንት ዓመት እንደደከሙ የነገሩኝ ያኔ ነው። ጭቃውን በአፈር ደልድሎ የጀልባ ማቆሚያ ማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ ኮሙኑ በቅርቡ ይወስናል። «ጀልባ የትም ይቆማል» አሉኝ። «ወፎቹ ግን በመንገዳቸው ላይ ይህቺ ብቻ ናት ያለቻቸው። ብትዘጋ ደክመው ይመጡና የሚያርፉበት ያጣሉ።» አንድ ቀን የፊርማ ወረቀት ሰጡኝ። «ሰዎችሽ ይፈርሙልኝ ይሆን? ቦታውን ያውቁታል። ያን ዕለት ምናልባት እኔ በደንብ አላስረዳኋቸው ይሆናል።»

እኔ በደንብ አላስረዳኋቸው ይሆናል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ የሥራ ልብሴን የማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ምን ብዬ ነው የማስፈርመው? «ወደ አገራችሁ ሂዱ ላሉን ሰውዬ ፈርሙላቸው» ልበል? ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። አርነ ሁለት ጊዜ በቀስታ ጠየቁኝ። «እያሰቡበት ነው» አልኳቸው። ይህም ውሸት ነው።

አንድ እሑድ እማማ ዘነበች እንደ ልማዳቸው ለባሕር ዳሩ ሰው ሊጸልዩ ተነሡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወንበር ተደግፈው ነው የሚቆሙት። «ጌታ ሆይ፣ ያ ሰው ሽማግሌ ነው፤ በጥላቻው ሳይሞት ድረስለት» አሉ። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ስብሰባው ሲያልቅ ጋሽ ታምራትን ከአዳራሹ ጓዳ ጠርቼ ያን ዕለት ያደረግኩትን፣ ሰውዬውም መጦሪያ ቤቱ እንደሚመጡ ዘከዘክሁላቸው።

ጋሽ ታምራት አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ስንት እሑድ በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ አስጸለይሽን» አሉ።

«ይቅር በሉኝ።»

«እኛ ይቅር ብለናል። የተበደሉት ግን እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ እባክዎ! ሥራ ቦታዬ ነው። ብቻዬን ልንገራቸው።»

«ብቻሽን ስትነግሪ ምን እንደምትዪ በምን እናውቃለን?» አሉኝ። ይህቺ ነገር እስከ ዛሬ ታመኛለች። እውነታቸውን ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታምራትና አንድ ሌላ ሽማግሌ የሰንበት ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። እማማ ዘነበች እኔም ካልሄድኩ ብለው፣ ራሳቸው የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። አርነ ከባለቤታቸው ጋር መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ሲያዩን ደስ ብሏቸው ብድግ አሉና ወንበር ይስቡ ጀመር። የእኛዎቹ ግን አልተቀመጡም። በደንባችን ለዕርቅ የሄደ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አርነ ይህን ከየት ይወቁ! «ተቀመጡ እንጂ፣ ተቀመጡ እንጂ» እያሉ አራተኛ ወንበር ፍለጋ ሄዱ። የሥራ ባልደረቦቼ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ ብለው ያያሉ። እኔ ነጩን የሥራ ልብሴን ለብሼ መሐል ቆሜያለሁ፤ ላብ አጥምቆኛል።

ጋሽ ታምራት ወደ እኔ ዞር ብለው «አሁን ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ጀመሩ።

«ይህች ልጅ የእኛ ልጅ ናት። ያን ዕለት እርስዎ የተናገሩትን ትታ፣ ያላሉትን ነገር ብለዋል ብላ ነገረችን።»

ተረጎምኩት።

«ወደ አገራችሁ ሂዱ ብለዋል ብላ ዋሸችን። እኛም አምነን ዓመት ሙሉ ስምዎን በክፉ አነሣን።»

ተረጎምኩት። በገዛ አፌ «ዋሸሁ» አልኩ፤ በዚያ ሰው ሁሉ በሚያመሰግነው ጥሩ ኖርስኬ።

አርነ ወንበሩን እንደያዙ ቀሩ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እነሱን አዩ። «ታዲያ ያን ዕለት የጸለያችሁልኝ ለምንድን ነው?» አሉ።

ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ። ጋሽ ታምራት አንገታቸውን ደፉ። «ጥላቻ ከልብዎ እንዲወጣ» አሉ። እኔም እሱኑ አልኩ።

«እኔ እኮ የባረካችሁኝ መስሎኝ ነበር» አሉ አርነ። «ማታ ቤቴ ገብቼ ለእሷ ነገርኳት። ያኔ ገና ትሰማኝ ነበር።» የባለቤታቸውን እጅ ያዙ።

እማማ ዘነበች ክንዴን ነካ አድርገው «እንግዲያው ያን ዕለት ምን ነበር ያሉት? አሁን እንኳ ንገሪን» አሉኝ።

አርነን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ ደገሙት። ወፎቹ ከአፍሪካ እንደመጡ፣ ምናልባትም ከእኛው ሐይቆች፣ እንደደከማቸው፣ ጥቂት ቀን ብቻ በልተው እንዲያርፉ እንደለመኑን፣ ከዛፎቹ ጀርባ ሜዳ ሊያሳዩን እንደነበር። እኔም ዓመት ዘግይቼ ለእማማ ዘነበች አደረስኩላቸው።

እማማ አዳምጠው ሲጨርሱ ወደ መስኮቱ አዩ።

«እንግዲህ ያባረርነው እኛ ነና» አሉ። «ያውም የአገራችንን እንግዶች።»

አርነ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሄደው እማማ ዘነበችን በሁለት እጃቸው ጨበጡና ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የዚያን ጊዜ ሁሉም ተቀመጠ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ባለቤታቸውም በሉ።

ጋሽ ታምራት ስለ ፊርማው ሲሰሙ «አሁኑኑ አምጪው፣ እሑድ ሁሉም ይፈርማል» አሉ። ሮጬ ከሣጥኔ አመጣሁት። አርነ ባዶውን ወረቀት አይተው መልሰው አጣጠፉት። ያገኙትን ፊርማ ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለኮሙኑ አስገብተዋል፤ ቀኑ አልፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያ ዳርቻ ግማሹ ተደልድሎ የጀልባ ማቆሚያ ሆነ፤ ግማሹ ለወፎቹ ቀረ። የእኛ ፊርማ ቢኖር ምን ያህል ይለውጥ እንደነበር አላውቅም። አለመኖሩን ግን አውቃለሁ፤ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ።

ሊሄዱ ሲሉ አርነ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ አንድ በአንድ ጨበጧቸው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። ይቅር ብዬሻለሁ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝም ደስ ባለኝ። እጄን ጨብጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ድምፃቸው ላይ ቁጣም ፌዝም አልነበረም።

«ኖርስክሽ በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ።

ባለቤታቸው በዚያው በጋ ዐረፉ፤ እሳቸውንም ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔ ዛሬም ኦስሎ ነኝ፤ ዛሬም እዚህም እዚያም ያንኑ ምስጋና እሰማለሁ። ድሮ ቁመቴን ይጨምርልኝ የነበረ ቃል አሁን በተነገረኝ ቁጥር ፊቴን ያቃጥለዋል፤ ቀና ብዬ አመሰግናለሁ ማለት አልችልም።